ቡሬ ሜዳ ላይ ያመለጠችኝ «እኔን»

የዚያን ዕለት ቡሬ ሜዳ ላይ የነበሩትን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ረሳሽን ተብዬ እንዳልወቀስ። ከፍኖተ ሰላም ሰባት ሴት ልጆች ነበርን፤ ቀልደኛዋ ብርቱካንና እኔ እናንዬ ከሰባቱ ነን። ከቡሬም እንዲሁ ሰባት ሲሆኑ፣ መቺያቸው አንጓች ትባላለች። ዳኛው የእኛው የስፖርት አስተማሪ መምህር አበባው ነበሩ። ከሜዳው ዳር በርበሬ አስጥተው ዶሮ የሚከላከሉ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ጥላቸውን እንደ ያዙ የቆሙ አንድ ቄስ ነበሩ። ከገበያ ሲመለሱ ከነአህዮቻቸው የቀሩ ገበሬዎችና የቡሬ ተማሪ በሙሉም ነበሩ። ያመጣን የአይሱዙ ሾፌር መኪናው ላይ ተደግፎ ሸንኮራ ይመጥ ነበር። እናቴ እግሯን ታማ ቤት ቀርታለች። እህቴ ይታይሽም አልነበረችም፤ የእኔ ጭንቅ ሁሉ ግን ስለ እሷ ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ የልጄ የሕይወት ስልክ ነው። ባለፈው እሑድ በረንዳ ላይ ጎመን ስቀነጥስ «እማዬ፣ ነይ ጉድ እይ!» ብላ ጠራችኝ። ሳይ፣ አንገታቸው ከትከሻቸው የገጠመ ግዙፍ ግዙፍ ወንዶች በሁለት ረጃጅም ግንዶች ሥር ተደርድረው፣ እጃቸውን ወደ ታች ለቀው ቆመዋል። አንዱ ደግሞ ከፊታቸው ርቆ ኳስ ሊመታ ይዘጋጃል።

«ምን ሆነው ነው? ለምን አይከለክሉትም? ደንዝዘው ቀሩ እኮ!» ብላ ሳቀች።

«አልደነዘዙም» አልኋት። «ቅጣት ምት ነው። መቺው መንደርደር ከጀመረ ኳሱን እስኪመታ ድረስ፣ የሚከላከሉት ሰዎች መንቀሳቀስም መናገርም አይፈቀድላቸውም። እጅ ወደ ታች ነው። ከመካከላቸው አንዱ ቢጮህና ኳሱ ቢስት፣ መቺው ወደ ግንዱ ቀረብ ብሎ እንደገና ይመታል። ኳሱ ከገባ ግን ገባ ነው።»

ልጄ ስልኩን ትታ እኔን አየችኝ። እናቷ ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ አልተማረችም፤ ስልክ ስትነካ እንኳ የሆነ ነገር ይጠፋ ይሆን እያለች ትፈራለች። ታዲያ የራግቢን ሕግ ታውቃለች ብላ እንዴት ትመን?

«ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።

«ከቡሬ» አልኋት።

መምህር አበባው ያኔ ወጣት ነበሩ። ኮሌጅ ሳሉ ተማርሁት ያሉንን ይህን ጨዋታ ለእኛም ለቡሬ ልጆችም ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። በአገሩ ሕጉን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ኳሷ ሾጠጥ ያለች ስለ ነበረች እኛ «ቅሏ» እንላት ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ረጃጅም የባሕር ዛፍ ግንዶች ተከሉልን፤ በመካከላቸው አግዳሚ አሰሩበት፤ ቅሏ ተመትታ በግንዶቹ መካከል ከአግዳሚው በላይ ካለፈች ገባች ይባላል። መሮጡንና መጣጣሉን ወዲያው ለመድን፤ ከብት ስንመልስ ያደግን ነንና። ያስቸገረን የዝምታው ሕግ ነው።

አንድ ቀን ስንለማመድ ብርቱካን መቺ ሆና ተንደረደረች። ወሩ ኅዳር ነው። በርበሬ በየደጁ ተሰጥቷል፤ አየሩ ራሱ ጉሮሮ ያቃጥላል። ልትመታ ስትል አስነጠሳት። ግንዱ ሥር የተደረደርነው ሁሉ በአንድ አፍ «ይማርሽ!» አልን።

መምህር አበባው ፊሽካቸውን ነፍተው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ምን ተባብለን ነበር?»

«አስነጠሳት እኮ መምህር» አልሁ። «ያስነጠሰውን ሰው ዝም ማለት ነውር አይሆንም?»

«እዚህ ላይ ጨዋነቱ ዝምታው ነው። ባላጋራሽ ሥራውን በሰላም ይሥራ ማለት ነው። ምርቃቱን ከመታች በኋላ ታደርሱታላችሁ።»

«እስከዚያ ብሞትስ?» አለች ብርቱካን አፍንጫዋን እየጠራረገች። እሳቸውም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

ለእኔ ግን ነገሩ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። እህቴ ይታይሽ ያን ሰሞን ባሕር ዳር ላይ የመጀመሪያ ልጇን ተገላግላ ነበር። እኔን አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ወታደር ስለሆነ ሩቅ ነበር። «በሰላም ተገላግላለች፤ ነገር ግን ከጎኗ ዘመድ የለም» የሚል ወሬ በመንገደኛ መጣልን። አራስ ብቻዋን! ገንፎ የሚያገነፋላት፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚላት ሰው ሳይኖር! እናቴ እግሯ አላራምድ ብሏታል፤ አባቴ በርበሬውን ሜዳ ላይ ጥሎ አይሄድ። እኔን ብቻዬን በአውቶቡስ መላክ ደግሞ በእናቴ ዘንድ የማይታሰብ ነው። ስትጨነቅ የምታድር ሴት ነበረች፤ ልጆቼ እኔን ለምን እንዲህ እንደሆንሁ ሲጠይቁኝ ከማን እንደ ወረስሁት አውቃለሁ።

በዚህ መካከል መምህር አበባው፣ ከእኛና ከቡሬ ያሸነፈው ቡድን ከዚያው ከቡሬ ተነሥቶ ከአስተማሪዎች ጋር ባሕር ዳር ለውድድር እንደሚሄድ ነገሩን። እናቴ እስከዚያ ድረስ ጨዋታውን «የወንዶች ግርግር» ስትለው ነበር የቆየችው። ይህን ስትሰማ ግን አብሽ አስፈጨች፤ የገንፎ ዱቄት አዘጋጀች፤ ቅቤ በጣሳ አደረገች። ሁሉንም በአሮጌ ነጠላዋ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«አሸንፊና አድርሽላት» አለችኝ።

«ባናሸንፍስ?»

«አፍሽን ቁረጭው» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

በማግስቱ አይሱዙ ላይ ተጫንን። መምህር አበባው ጥቅሉን ተቀብለውኝ «የአራሷ ቅቤ ፀሐይ እንዳያገኘው» ብለው ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር አኖሩት። ማንኩሳን አልፈን እስከ ቡሬ ድረስ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ የበቆሎው አገዳ ተከምሯል፤ በየመንገዱ ዳር በርበሬው እንደ ስጋጃ ቀልቶ ተነጥፏል። ልጆቹ እየዘፈኑ ያጨበጭባሉ። እኔ ቅቤው ይቀልጥ ይሆን እያልሁ ነበር።

ጨዋታውን ሁሉ አላወራም። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እኛ በሁለት ነጥብ እንበልጥ ነበር። ያኔ ብርቱካን አንዲቱን የቡሬ ልጅ አንገቷን ይዛ ጣለቻት፤ ይህ በሕጉ ክልክል ነው። ቅጣት ምት ተሰጠ። ቅጣት ምት ከገባ ሦስት ነጥብ ነው። እንግዲህ አንጓች ካገባች ቡሬ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ከሳተች እኔ እህቴ ዘንድ እደርሳለሁ።

አንጓች ረጅም፣ ቀጭን ልጅ ናት፤ የላስቲክ ጫማ ተጫምታለች። አፈር በእጇ ቆልላ ቅሏን አቆመችባት። እኛ ግንዱ ሥር ተደረደርን፤ እጃችንን ወደ ታች ለቀቅን። ሕዝቡም ከእኛ ጋር ጸጥ አለ። አህያ እንኳ አልጮኸም። እኔ በልቤ «እመቤቴ፣ እንድትስት አድርጊ» እል ነበር።

ተንደረደረች። ልትመታ ስትል ቀኝ እግሯ የአህያ ኮቴ የሰረጎደው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ።

«እኔን!» አልሁ።

መናገሬ ብቻ አይደለም፤ እጄም ደረቴ ላይ ወጥቷል። ሰው ሲደናቀፍ «እኔን» ማለት እኛ ዘንድ ታስቦ አይደለም፤ እንደ ትንፋሽ ነው የሚወጣ። እናቶቻችን ከሰማይ የወደቀ ወፍ ሲያዩ እንኳ ይሉታል።

ቅሏ በግንዱ ጎን አልፋ በርበሬው ላይ ወደቀች። ባልቴቷ ተራገሙ። ጓደኞቼ እየዘለሉ ተቃቀፉ፤ ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። የቡሬ ልጆች ጭንቅላታቸውን ይዘው መሬት ተቀመጡ። ከእነሱ መካከል እንደገና እንደሚመታ ያስታወሰ ማንም አልነበረም። መምህር አበባው ዝም ቢሉ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ቅቤውን በእጃቸው ያኖሩት እሳቸው ናቸው፤ እህቴ ብቻዋን መሆኗንም ያውቃሉ። ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ፊሽካቸውን ነፉ።

«ከተከላካዮች ድምፅ ወጥቷል። ቅሏ ቀረብ ተደርጋ እንደገና ትመታ።»

«ኧረ መምህር!» አለች ብርቱካን። «የእኛ ሰው አይደሉም እንዴ?»

«ፊሽካ ይዤ የማንም ሰው አይደለሁም።»

አንጓች እያነከሰች መጣች። «የጮኸችው እኮ ለእኔ ነው መምህር! ለእኔ ባዘነች ለምን ትቀጣለች?»

«ሕጉ ለማን ጮኸች አይልም፤ ጮኸች ወይ ነው የሚል።»

«እንዲያማ ከሆነ አልመታም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «ምች እንጂ አንች!» ይላል አንዱ። «በርበሬዬን አታስረግጡብኝ እንጂ የፈለጋችሁትን ምቱ!» ይላሉ ባልቴቷ። አንጓች ግን የምታየው እኔን ነበር።

«እግርሽ ደኅና ነው?» አልኋት።

«ደኅና ነው።»

«እንግዲያ ምች።»

ከዚያ ሌላ ምን ልላት? የአንዲት ልጅ እግር ተጣሞ እኔ ባሕር ዳር ብገባ፣ ያ ገንፎ ለእህቴ ይጣፍጣት ነበር? እንዲህ ብዬ ያሰብሁት ግን ዛሬ ነው። ያኔ አፌ ቀደመኝ እንጂ አላሰብሁትም።

ሁለተኛ ስትንደረደር ከንፈሬን ነከስሁ፤ እጆቼን ከጭኔ ጋር አጣበቅኋቸው። ቅሏ በራሳችን ላይ ስታልፍ ቀና ብዬ አላየሁም። መግባቷን በቡሬ እልልታ ዐወቅሁት።

ጓደኞቼ ለመመለስ አይሱዙው ላይ ሲጫኑ እኔ ጥቅሉን ታቅፌ መሬት ላይ ቀረሁ። አንጓች አንድ ሸንኮራ ጉልበቷ ላይ ሰብራ ግማሹን ሰጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

«በኳስ ነው እንዲህ የምታለቅሽ?»

ነገርኋት። ሰማችና እጇን ዘረጋች። «በይ ስጭኝ። የቤቱን ምልክት ንገሪኝ።»

«አላውቅሽም እኮ» አልሁ፤ እናቴ በአፌ የተናገረች መሰለኝ።

«ሳታውቂኝ አይደል እኔን ያልሽኝ?» አለችኝ።

ጥቅሉን ሰጠኋት። መምህር አበባውም መኪናው ላይ ሲያወጡኝ «ቃልሽ መልካም ነበረች እናንዬ፤ ሰዓቷ ነው እንጂ» አሉኝ።

እናቴ ግን ለቀናት አላናገረችኝም። «የአራስ ቅቤ ለማታውቂው ሰው!» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ቤቱን ባታገኘውስ? ጣሳው ቢደፋስ?

በገበያ ቀን አንዲት ረጅም ልጅ በዱላ እየተደገፈች፣ ቤታችንን እየጠየቀች መጣች። አንጓች ነበረች። እግሯ ባሕር ዳር እንደ ደረሰች አብጦ አላጫውታት ብሎ ነበር። ቡድኗ ሲጫወት እሷ እህቴ ቤት ሰንብታለች።

«ቅቤው ደርሷል እማማ» አለቻት እናቴን። «ግማሹ ግን እዚህ ነው ያለ» ብላ ቁርጭምጭሚቷን አሳየች። «እሷን ላስታምም ሄጄ እሷ እኔን አሸችኝ። ገንፎ አገንፍቼ አላውቅም፤ የመጀመሪያው ጓጎለ። ይታይሽ እየበላች ስታለቅስ ከመጥፎነቱ ነው ብዬ ደነገጥሁ። ለካ የእናቷን አብሽ ሽታ ዐውቃው ነው። ‹ብቻዬን አልነበርሁም በያት› ብላኛለች።»

እናቴ ውኃ አሙቃ አመጣችና ያን እግር በሁለት እጇ ይዛ «እኔን! እኔን!» እያለች ታጥበው ጀመር።

ይህን ለሕይወት ስነግራት ጎመኑን ረስተነው ጠውልጓል። በቅርቡ እሷም ለትምህርት ባሕር ዳር ትሄዳለች። እኔም ከአሁኑ ስለ መንገዱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ብርዱ ስናገር እውላለሁ። «እማዬ፣ እጅ ወደ ታች!» አለችኝ እየሳቀች። እሞክራለሁ አልኋት። ልጅ ሲንደረደር ዝም ብሎ መቆም ግን ለእናት የተሠራ ሕግ አይመስለኝም።

አንጓች ሠርጌ ላይ መጥታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ወደ ፈረስ ቤት ከተማ አገባች ሲሉ ሰማሁ። ቆይቶ ደግሞ ዱርቤቴ ገበያ ላይ እህል ስትሸጥ አየናት ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ ሰው ልኬ አጣኋት። ያቺ ያኔ የተወለደች የእህቴ ልጅ ዛሬ ራሷ አራስ ናት፤ ስለ ጓጎለው ገንፎ ስንነግራት ባለ ገንፎዋን አሳዩኝ ትላለች። አንጓች የቡሬ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፤ ብርድ ሲሆን ቀኝ እግሯን ታነክስ ይሆናል። የት እንዳለች የምታውቁ ብትኖሩ፣ እባካችሁ ደኅና መሆኗን ንገሩኝ።