ትልቁን ስንሸጥ ትንሹ ወለደ

በግ ስነግድ የኖርኩት እጄን አምኜ ነው። ወገቡን ጨበጥ፣ ላቱን መዘን ካደረግኩ ሌላው ወሬ ነው።

ለገና ላሊበላ ገበያ ላይ አንድ የባዮሎጂ መምህር በጎቼን ሲያገላብጥ ቆየና፣ «በጎችህ ከዓመት ዓመት አነሱሳ» አለኝ።

«ኑሮ ነው መምህር፤ ሰውም አንሷል።»

አልሳቀም። «ከየት ነው የምትገዛቸው?»

«ከሙጃ ደጋ።»

«እዚያ የሚያኮላሹት የትኛውን ነው?»

ይህም ጥያቄ ሆኖ! ጠቦት ሳለ ቀድሞ የፋፋውን ነዋ። እሱን አኮላሽተው ያደልቡታል፣ ሙክት ሲሆን እኔ ለበዓል እገዛዋለሁ። ማንም የማይፈልገው ኮሳሳ መንጋው ውስጥ ይቀራል።

«ታዲያ የግልገሎቹ አባት ማን ሊሆን ነው?» አለ።

ነጋዴ ዝም ካለ ዋጋው ይወድቅበታል። «የቀረው ነዋ!» አልኩ፤ የቀረው ኮሳሳው መሆኑ የታየኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«በጎች ሲወለዱ ይለያያሉ፤ ልጅ ደግሞ ወላጁን ይመስላል። ብዙ የወለደው መልኩ ይበዛል፣ ያልወለደው ይዞት ይሞታል። ውርጩና ረሃቡ ሲለዩ የተፈጥሮ ምርጫ እንለዋለን። እናንተ ደግሞ ኮሳሳውን መረጣችሁ።» በእጁ ከገበያው ማዶ ወዳለው ገደል አሳየኝ። «ይህ የደጋው ጭላዳና የቆላው ዝንጀሮ ጥንት አንድ ነበሩ። ተለያይተው አንዱ እዚህ ሣር ሲነጭ፣ ሌላው እዚያ ያገኘውን ሲለቅም፣ በየትውልዱ ጥቂት ጥቂት እየተለወጡ፣ ከማይቆጠር ዘመን በኋላ ሁለት ዝርያ ሆኑ።»

«ቀስ በል፣ ካህናት ይሰሙሃል።»

«ካህናቱም በግ ያረባሉ፤ ይገባቸዋል» አለና ዋጋ አስቀንሶኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ሙጃ ላይ በዕድሜ የገፉ አንዲት ደንበኛ አሉኝ። ከመንጋቸው የድሮውን ትልቅ በግ የሚመስል አንድ ጠቦት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። «ለፋሲካ ያኮላሹልኝ» ያልኳቸውም እኔው ነኝ። አኮላሺው የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሙጃ የሚወጣው መኪና እስኪሞላ መጠበቅ አቅቶኝ በእግሬ ጀመርኩ፤ መንገድ ላይ ደርሶብኝ አሳፈረኝ፣ ሙሉ ሒሳቡንም ተቀበለኝ።

ስደርስ ጠቦቱ ግቢያቸው ውስጥ ተጋድሞ አኮላሺው እግሩን ይዟል።

«ቆይ!» አልኩ እያለከለክኩ። «እናቴ፣ እሱ ለአውራነት ይቅር። ያን ኮሳሳውን ያኮላሹት።»

«ኮሳሳ ሙክት ማን ይገዛኛል?»

«እኔ።»

«አንተ? ስንት ዘመን ‹ከፍ ያለ የለም ወይ› እያልክ ደጄን የረገጥክ አንተ? ያመሃል እንዴ ልጄ?»

«ትልልቁን እየነዳሁ ዘሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «የኔን አስቀርተህ የጎረቤቴን ትልቁን ከነዳህ የምከስረው እኔ ብቻዬን ነኝ። ና፣ በዓይኔ ልይህ።»

ተከትያቸው ሄድኩ። ጎረቤታቸው እኔን ሲያይ ጊዜ አላጠፋም፤ የሚኮራበትን ጎትቶ አወጣ። ሳላስበው እጄ ሄዶ ወገቡን ጨበጠ። እንዴት ያለ ሥጋ ነው! ሴትዮዋ እጄን እያዩ ነው። ጣት በጣት አላቀቅኩት።

«ደከም ያለ የለህም?»

ሰውየው ደነገጠ። «ገበያው ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። ይህን ለዘር ተወው፤ ለፋሲካ ደካማውን አደልብልኝ፣ እወስደዋለሁ።»

እሱ ገና ሲያመነታ ሴትዮዋ ወደ ግቢያቸው ዞረው፣ «ልቀቀው!» ብለው ተጣሩ። ጠቦቱ ብድግ ብሎ አቧራውን አራገፈና ወደ እንስቶቹ በጎች ሮጠ።

ባዶ እጄን ስወርድ አንድ የማውቀው በግ ነጋዴ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲወጣ ተገናኘን።

«እንዴት ነው ደጋው? ትልልቅ አለ?»

«ምንም የለም፤ ኮሳሳ ብቻ ነው። አትድከም።»

ባዶ እጄን አየ፣ ፊቴን አየ። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። ዱላውን ከትከሻው አውርዶ እርምጃውን አፈጠነ። ትልልቆቹን ሳይገዛቸው ልድረስበት ብዬ ዞሬ ዳገቱን ተከተልኩት።