ባለመኪናው ይምጣ

መኪናዋ የእኔ ናት። ሊብሬዋ በስሜ ነው፤ ዘይቷን የማስለውጠው፣ ጎማዋ ሲፈነዳ መንገድ ዳር ተንበርክኬ የምፈታው፣ ዳገት ላይ ስታቃስት አብሬያት የማቃስተው እኔው ነኝ። ይህን ከመነሻው የምናገረው ወድጄ አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ ለስንቱ መካኒክ እንደ ተናገርሁትና አንዱም እንዳልሰማኝ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

አሮጌ የመስክ መኪና ናት። የጎኗ ቀለም ተልጧል፤ የኋላ በሯ በጉልበት ካልተወረወረ አይዘጋም። የገዛኋት ለአባቴ ስል ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ጣና ዳር ባለች አንዲት ደብር ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ወድቀው ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ሚኒባስ ውስጥ ተጣጥፈው መቀመጥ አይሆንላቸውም፤ በእኔ መኪና ግን የኋላው ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተው ጋደም ይላሉ። ከወገቡ የባሰው ዓይናቸው ነው። የዓይን ግፊት ይዟቸዋል። እዚህ ያዩዋቸው ሐኪም ቀዶ ሕክምናው ቶሎ ካልተደረገ ብርሃናቸው እንደሚጠፋ፣ የጠፋው ደግሞ እንደማይመለስ አስጠንቅቀው ወደ ጎንደር ጻፉልን። ቀጠሮም ተያዘልን።

ችግሩ መኪናዋ በዚያው ሰሞን መታመሟ ነበር። ጠባይዋን አጥንቼዋለሁ። ሞተሩ ሲግል ድንገት ትጠፋለች፤ ጥላ ውስጥ ቆማ ስትበርድ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ እንከን መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሰወር መመልከት እንጀራዬ ነው። ይህንኑ ለመካኒኮቹ ነገርሁ። የመጀመሪያው ኮፈኑን ከፍቶ «ይህን ማን ነው የነካካው?» አለና ማጣሪያውን ለወጠ። ሁለተኛውም ኮፈኑን ከፍቶ «ይህን ማን ነው የነካካው?» አለና የነዳጅ ፓምፑን ለወጠ። ሁለቱም «አሁን ዱባይ ያደርስሻል» ብለው ሸኙኝ። ዱባይ ቀርቶ ጎንደር አላደረሰኝም።

እንፍራንዝን እንዳለፍን ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ መኪናዋ ቀጥ አለች። ጠብቄ አስነሳኋት፤ ጥቂት ሄዳ እንደገና ጠፋች። አንድ መንገደኛ መካኒክ ጠራልኝ፤ መካኒኩም ከማክሰኝት በባጃጅ መጣ። ገና ከመውረዱ አባቴን በመስኮት አያቸው። ኮፍያውን አወለቀ፣ መስቀል ተሳለመ፣ ከዚያ በኋላ እኔን አላየኝም። መሪውን የያዝሁት እኔ፣ ቁልፉ በእጄ፤ እሱ ግን አንገቱን በኋላው መስኮት አስገብቶ ስለ ሞተር የሚያወራው ከጋደሙት አዛውንት ጋር ነው።

«የኔታ፣ ፓምፑ አዲስ ነው፤ ትእዛዝ ግን አይደርሰውም። ዳይሬክት ላድርገው?»

ዳይሬክት የእኛ መካኒኮች የሁሉ በሽታ መድኃኒት ነው። አንድ ዕቃ አልሠራ ሲል ለምን እንዳልሠራ መመርመር ቀርቶ፣ ከባትሪው ሽቦ ጎትቶ በቀጥታ ማገናኘት ነው።

«አይሆንም» አልሁት። «ስትግል ነው የምትጠፋው። ሽቦ ከጎተትህ ሌላ ነገር ታቃጥላለህ።»

«እህቴ፣ አንቺ ጥላ ያዥ» አለኝ።

አባቴ መስቀላቸውን የተሳለመ ሰው የለመናቸውን እምቢ ብለው አያውቁም። «እንደ ወደድህ አድርግ፣ ልጄ። እጅህን ይባርከው» አሉት። በቃ፤ ባለመኪናው ፈቀደ! ሽቦውን ጎተተ። መኪናዋ ተነሳች፤ አንድ ዳገት እንኳ ሳትጨርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝና ጭራሽ ሞተች። አባቴን የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ በጋቢ ደግፌ፣ በየጉድጓዱ ሲያቃስቱ እየሰማሁ፣ መኪናዬን ከኋላ አስጎትቼ ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ። ቀጠሮው አለፈ። ሌላ ሲሰጡን ደግሞ አርቀው ሰጡን።

በዚያ መካከል የአባቴ ሁለቱም ዓይኖች ደከሙ፤ ቀኙ ደግሞ ባሰ። ጠዋት በረንዳ ላይ ሲቀመጡ የሐይቁን ነጸብራቅ ያውቁት ነበር፤ አሁን «ነጋ ወይ?» ይሉኝ ጀመር። እኔም በየቀኑ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ጋራዥ ነበርሁ።

በመጨረሻ ያገኘሁት ኤሌክትሪሺያን ሥራ ያውቃል፤ ይህን አልክድም። መመርመሪያውን ሰክቶ አየና የሞተሩ ኮምፒውተር መሞቱን፣ ለሞተሩ ነዳጅና እሳት የሚያዝዘው እሱ መሆኑን፣ መጀመሪያም ሲግል እየሳተ መኪናዋን የሚያጠፋው እሱ እንደ ነበር፣ ዳይሬክቱ ደግሞ ጭራሹን እንዳቃጠለው ተረዳ። እኔ ከጅምሩ የተናገርሁትን ማለት ነው! እፎይ ብዬ ምን እንደምናደርግ ስጠይቀው ግን ምን አለኝ?

«ባለመኪናው ይምጣና እንነጋገር።»

«ባለመኪናዋ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፤ ማለቴ፣ አባወራው።»

አባወራ የለኝም። ሥራውን ግን አልጀምር አለ፤ በኋላ ባል መጥቶ የሚጣላው መስሎታል። ሌላ የሚችል ሰው ፍለጋ ስዞር ቀጠሮው እንዳያልፍ ፈራሁ። ስለዚህ በወገባቸው የሚሰቃዩትን፣ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ የማይለዩትን አባቴን በባጃጅ ጋራዥ ድረስ ወሰድኋቸው። ጎማ ላይ ትራስ አድርገው አስቀመጧቸው። ኤሌክትሪሺያኑ መስቀል ተሳለመ፤ ከዚያም ከአንድ ተመሳሳይ፣ ተጋጭታ ከተፈታች መኪና የወጣ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ እንደሚያስመጣ፣ ኮምፒውተሩ ግን የእኛን ቁልፍ ስለማያውቀው ከአሮጌው ላይ የቁልፉን መረጃ ማሻገር እንዳለበት አንድ በአንድ አስረዳቸው። አባቴም «እሺ፣ ልጄ» ይላሉ። እኔ በባጃጁ በር ላይ ቆሜ በሰው መኪና የመጣሁ እንግዳ መስያለሁ።

ስንመለስ መታገሥ አልቻልሁም። «አባባ፣ ለምን ‹እሷን ጠይቁ› አይሏቸውም?» አልኋቸው።

«የጠየቀኝን ሰው ማሳፈር አይሆንልኝም።»

«እኔን ግን ያሳፍሩኛል!» ብዬ ጮህሁ። በአባቴ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አልተጸጸትሁም።

ኮምፒውተሩ በአውቶቡስ መጣ። መናኸሪያ ሄጄ የተቀበልሁት እኔ ነኝ። ሰውዬው ያለ «ባለመኪናው» ስለማይጀምር አባቴን ደግሞ በባጃጅ ይዤ ጋራዥ ስደርስ ኤሌክትሪሺያኑ እጁን ዘረጋ፤ እኔ ግን ከመስጠቴ በፊት ኮፈኑ ሥር አጎንብሼ አየሁ። ያ የማክሰኝቱ ቀይ ሽቦ እንደ ተጎተተ አለ።

«ይህስ?» አልሁት።

«እሱ ምን አለበት፣ መጠባበቂያ ይሁን ብዬ ነው» አለና ወደ አባቴ ዞረ። «የኔታ፣ እንተወው አይደል?»

የአባቴ ከንፈር ሲላቀቅ አየሁ። ያቺ «እንደ ወደድህ» ልትመጣ ነው። ኮምፒውተሩን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ እቅፌ ውስጥ አስገባሁትና፣ «ይህ ሽቦ ተነቅሎ መሬት ላይ ሳላየው ዕቃው ከእጄ አይወጣም!» አልሁ። ጋራዡ ሁሉ ሥራ አቆመ።

«የኔታ፣ ምን ይላሉ?» አለ ሰውዬው፤ አሁንም!

አባቴ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ጠበቃቸው፤ ምንም አላሉም። ያ ዝምታ ለእሳቸው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰውዬው ካቻቢቴውን አነሳና እያጉረመረመ ሽቦውን ነቀለ።

መኪናዋ ተነሳች። በቀጠሮው ቀን እንፍራንዝን በጠራራ ፀሐይ አለፍናት፤ ማክሰኝትንም። ሞተሩ ጋለ፤ አልጠፋም። ጎንደር የደረስነው በሰዓታችን ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑትም ነው። አባቴን ደግፎ አስቀመጣቸው፣ መስቀል ተሳለመ፣ ዓይናቸውን በመሣሪያው አየ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የቀኙ አልፏል» አለኝ። «በመጀመሪያው ቀጠሮ መጥተው ቢሆን ይተርፍ ነበር። የግራውን ዛሬውኑ ከሠራነው እናድነዋለን። ለጊዜው ግን እሳቸው ባይሰሙ ይሻላል፤ ይደነግጣሉ። አንቺ ፈርሚልኝ።»

አባቴ ከእኛ አንድ ክንድ ርቀው ተቀምጠዋል። የታመመው ዓይናቸው ነው። ጆሯቸው የስንት ተማሪ ዜማ ሲያርም የኖረ ጆሮ ነው። መስቀላቸውን የያዘው እጃቸው ሲጠብቅ አየሁ። ስለዚያ ሽቦ፣ ስለዚያ ዓይን ልጮህ አማረኝ፤ ግን ከዚያ የባሰ ነገር ፊት ለፊቴ ነበር።

«ዶክተር፣ ዓይኑ የእኔ አይደለም» አልሁት። «ባለቤቱ እዚህ ተቀምጠዋል። ለእሳቸው ይንገሯቸው።»

አፈረ። ወንበሩን አዙሮ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገራቸው፤ የቀኙንም የግራውንም። አባቴ ሳያቋርጡ ሰሙት። ከዚያ፣ «በግራው ማንበብ እችላለሁ፣ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁት።

ሐኪሙ መልሱን ሊነግረኝ ወደ እኔ ዞረ።

«ወደ እሳቸው፣ ዶክተር» አልሁት። «ወደ እሳቸው!»