ከሀዋሳ የመጣው አክስል

ባርናባስን ሹፌር ነው እንጂ አፍ የለውም ይሉታል። እውነታቸውን ነው። ሌላው ሹፌር «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ ይጮኻል። እሱ ዞር ብሎ ያያል፣ ያፍራል፣ ተመልሶ መሪውን ይይዛል። የሚጭናቸው ሴቶች ራሳቸው ይጠጋጋሉ።

«ባርናባስ የተናገረ ቀን ቡናው በበረዶ ይመታል» ትላለች ሀምዲያ። እሱም በመስታወት እያያት ይስቃል።

ሀምዲያ ቡና ለቃሚ ናት። ቡና ሲደርስ ባርናባስ እሷንና ጓደኞቿን በየጠዋቱ ከዲላ ጭኖ ከወናጎ በላይ ወዳለው የቡና ማጠቢያ ያደርሳል። ሚኒባሷ አሮጌ ናት። እሱ ሚስቱን ሸዋአለምን ከማግባቱ በፊትም አሮጌ ነበረች።

ታዲያ አርብ ከሰዓት ባዶዋን ስትመለስ ዳገቱ ላይ ቋ! አለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን አትሄድም። የኋላውን ጎማ የሚያዞረው አክስል ውስጥ ለውስጥ ተሰብሯል። ጎትተው ቤቱ አደረሱለት። ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ፣ ሴቶቹ እንደተሳፈሩ ሆኖ ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተወውም።

ቅዳሜ ግቢው ውስጥ በክሪክ አነሳት። ለጎማዎቹ ድንጋይ ታኮ አደረገ፤ ኮባ አንጥፎ ከሥሯ ገባ። ረጅሙ ስባሪ ቶሎ ወጣለት። አጭሩ ውስጥ ቀረ። ከሞተ ሬዲዮ ማግኔት ነቅሎ፣ ሽቦ ላይ አስሮ፣ ዓሣ እንደሚያጠምድ ሰው ሲጎረጉር ዋለ፤ አመሻሹ ላይ ያዘለት። የቀረው አክስሉ ብቻ ነው። ሰኞ ካልደረሰ ማጠቢያው ሌላ መኪና ይጠራል፣ ሌላው መኪና ደግሞ የራሱን ለቃሚዎች ይዞ ይመጣል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ጋሽ ሠረቀብርሃን ወረዱ፣ የሸዋአለም አጎት። በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘዋል።

«ሀዋሳ ድረስ ሄጄ ነው ያመጣሁት! ለእህቴ ልጅ ባል ይሄ ያንሰዋል?»

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። አክስል ነው፤ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ባርናባስ ዝቅ ብሎ እጃቸውን ሳመ። እሳቸውን እንዴት አይስም! ሸዋአለም እሱን ልታገባ ስትል ዘመዶቿ «ወገን ጠፍቶ ነው?» ሲሉ፣ «ሰው ነው የምታገባው፣ ዝም በሉ» ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በርጩማ ቀረበላቸውና ሥራውን ሊያዩ ተቀመጡ። ባርናባስ ከመግጠሙ በፊት አክስሉን ናፍጣ በነካ ጨርቅ ወለወለው። ቀለሙ ለቀቀ። ከሥሩ፣ ጎማው ከሚታሰርበት አጠገብ፣ እንደ ቁስል ጠባሳ ያበጠ ነገር ዙሪያውን ይዞራል። ብየዳ ነው። እዚያ ላይ ከተሰበረ ጎማውን ይዞት ነው የሚወጣው።

መወልወሉን ተወ።

«ምነው ቆምክ?» አሉ ጋሽ ሠረቀብርሃን።

«ምንም፣ ጋሼ። እ... እጄ ቆሽሾ።»

«የአንተ እጅ ደግሞ መቼ ነጽቶ ያውቃል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባርናባስ አክስሉን ይዞ ከመኪናዋ ሥር ገባ። እዚያ ፊቱን የሚያየው የለም። ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ አለ በልቡ። ሳምንት እቀይረዋለሁ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ተብሎ ይነገራል? አክስሉን እስከ ግማሽ አስገባው።

«ነገ እኔም አብሬያችሁ ነኝ» ሲሉ ሰማቸው። «ወናጎ ለቅሶ አለብኝ። ከኋላ፣ ከራሴ አክስል ላይ ልቀመጥ እንጂ!»

የባርናባስ እጅ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ አክስሉን መልሶ አወጣው።

ለማንም ምንም ሳይል ከአቮካዶው ቅርንጫፍ ላይ በቃጫ ገመድ አንጠለጠለው። የድሮውን ረጅም ስባሪም ከጎኑ አንጠለጠለ። ስባሪውን በመዶሻ መታው፤ ብየዳ ያልነካው ብረት ነውና ቂልልል... ብሎ ቆየ። የሀዋሳውን መታው። ዷ አለና ዝም።

«ጋሼ...» አለ መዶሻውን እንደያዘ። «ይሄ... ይሄ ሰው አይጭንም። ተበይዷል።»

ጋሽ ሠረቀብርሃን ከበርጩማው ተነሱ።

«የተበየደ ነው ያመጣሁልህ?»

«አይ! እርስዎ አይደሉም፣ የሸጠልዎት ነው...»

«በሽምግልናዬ ተሞኘሁ ነው የምትለው። በሰው ፊት።»

እሳቸው አክስሉን ራሳቸው ፈቱ፣ በጆንያው ጠቀለሉ፣ ሄዱ። ምሳ ቀርቦ ነበር፤ አልቀመሱም።

«አየህ?» አለች ሸዋአለም እንባዋ እየመጣ። «ለብቻቸው ብትነግራቸው ምን ነበረበት?»

«ለብቻቸው ብዬ ብጠብቅ፣ ሳልናገር ይመሽ ነበር።»

ሰኞ ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ። ባርናባስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«መኪናዋስ?» አለች ሀምዲያ።

«አትሄድም። አክስሉ አልተገኘም።»

«ወይ ጉድ! ከተናገርክ አይቀር ይሄን ተናገርክ?» አለችና ሳትስቅ ዞረች። ያን ቀን በእነሱ ቦታ ሌሎች ለቀሙ።

ሸዋአለም ለአጎቷ ደጋግማ ደወለች፤ አያነሱም። ባርናባስ ምግብ አልበላለት አለ። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ብድግ ይላል።

ማክሰኞ ከሰዓት አንዱ ባጃጅ ቆመ። ጋሽ ሠረቀብርሃን ወረዱ፤ ሰላምታም የለ። ከጆንያው ውስጥ ቀለም ያልነካው፣ ዝገት የለበሰ አክስል አወጡ።

«ገመድህ የት አለ?»

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ...»

«ገመዱን አምጣ! የሸጠልኝ ሰውዬ ሱቅ ደጃፍ፣ የልጅ መሳቂያ ሆኜ፣ ብረት ስደበድብ ነው የዋልኩት። አሁን አንተ ምታ፣ እኔ ልስማ።»

ሰቀሉት። ባርናባስ ጠባሳ ይኖረው እንደሆነ በጥፍሩ ሳይቀር ዳሰሰና መታው። ቂልልል... አለ፤ ቆየ። ሽማግሌው ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«ሰው ይጭናል?»

«ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

«ይመስለኛል አልጠየቅኩህም።»

ባርናባስ ላቡን ጠረገ። «ይጭናል።»

«እንግዲያው ግጠመው። ሸዋዬ! ያ የእሑዱ ምሳ አለ?»

ረቡዕ ጠዋት ሴቶቹ ተሳፈሩ። ማጠቢያው ይቀበላቸው ይሆን፣ እርግጠኛ የሆነ የለም። ጋሽ ሠረቀብርሃን ለቅሶው ቢያልፍም ልድረስ ብለው መጡና ኋላ፣ ጎማው ላይ ካለው ወንበር ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ፊት ባዶ ነው እኮ» አለች ሀምዲያ።

«እዚሁ ይሻለኛል።»

ቁልቁለቱ ሲጀምር ባርናባስ ሬዲዮውን አጠፋ። ጆሮው ኋላ ነው። በመስታወቱ ቀና ብሎ ሲያይ፣ ሽማግሌውም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ወናጎ እስኪገቡ ሁለቱም ከሥር የሰሙት የጎማውን ድምፅ ብቻ ነው።