ለልጄ ሳል አገር ስንመርጥ

አባቴ ፊደል አስቆጥሮኝ ዳዊት ሳልጀምር ተዳርኩ። ጽሕፈቴ ቢወላገድ የሚያነብልኝ ይታገሠኝ። የምጽፈው ስለ ልጄ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ስሟ አይነሳምና።

ጎባ ያኔ ከተማ ለመባል ገና ነበረች። የኛ ጦር አገሩን ይዞ ከሰፈረ ወዲህ አጥርና ጎጆ በዝቷል፣ ቤተ ክርስቲያን ተተክሏል፣ ወታደር ለሆነው ባሌም ከነባላገሩ መሬት ተመርቶለታል። እኔ ግን ያን አገር አልለመድኩትም። ኅዳር ሲያልቅ ቀን ፀሐዩ ደህና ነው፤ ሰው ጋቢውን ጥሎ ይውላል። ያው የጠራ ሰማይ ሲመሽ ሳሩን በውርጭ ነጭ ያደርገዋል። ልትዳር የታጨችው ልጄ ያን ጊዜ መሳል ጀመረች። የእናቴ ታናሽ እህት እንዲሁ ስላ ስላ ነው የሞተችው።

"በጋው ሳያልፍ ወደ ሞቃት ቦታ ይዣት ልሂድ" አልኩት ባሌን።

መንገዱ ደርቋል፣ ወንዙ ጎድሏል፣ በእግር ለሚሄድ ከዚያ የተሻለ ወቅት የለም። በቅሏችን ለግዳጅ ስለተወሰደች ስንቃችንን በጀርባችን ልንሸከም ነው። ይሁን፣ እንሸከማለን። ወዴት የሚለው ላይ ግን ቤቱ ሸንጎ ሆነ።

"ከተራራው ማዶ ሪራ ሂዱ" አለ ባሌ። "ጫካው ይሞቃል፤ ማሩም ለሳል መድኃኒት ነው። የኛ ሰዎች አሉ፤ ባርኮ የሚያርድ አታጡም።"

"ሳነቴን ማን ያሻግራታል? እዚያ አናት ላይ ማደር አለ። ውርጩ ከብት ያደርቃል።"

"አንቺ ደግሞ ጥላሽንም ትፈሪያለሽ!"

"እፈራለሁ። አንተ ጀግናው፣ ተሸክመህ አሻግራታ።"

የንስሐ አባታችን ከመደቡ ላይ ሆነው ሳቅ አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ሮቤ ሜዳ ይበቃታል፤ ቅርብ ነው" አሉ።

"አባ፣ ሮቤ ነፋሱ ከዚህ ይብሳል እንጂ አይሻልም።"

"ልጄ፣ ከታቦት አትራቂ። ክፉ ቀን ቢመጣ ማን ይፈታታል?"

ደሜ ፈላ። "እኔ የምትድንበትን ስጠይቅ እርስዎ የምትቀበርበትን ይመርጡልኛል?" አልኳቸው። ባሌ በዓይኑ ገሠጸኝ። እሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ ለሳቸው መልካም ምክር ነበር።

ማገዶ ልታወርድ የገባችው የባላገራችን ሚስት በር ላይ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። "እሜቴ፣ ገሞጂ ውረዱ" አለችኝ። ቆላውን ማለቷ ነው። ወንድሟ ሶፍ ዑመር አጠገብ ፍየል ያረባል፤ እዚያ ውርጭ አይታወቅም አለች።

"ከእስላም ቤት? ምን ልትበላ?" አለ ባሌ።

"ጌታው፣ መሬታችን ያበቀለውን ገብስ ስትበሉ ከርማችኋል። ወተታችን ምን አደረጋችሁ?"

አለንጋው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ባሌ አየው። ከዚያ ሳቀና ወደ ንስሐ አባቱ ዞረ። "ለነገሩ የነቢያት ጾም ነው። ሥጋም ወተትም አይደርሱባትም። ለገና ይመለሳሉ።" እሳቸውም አልከለከሉም። እንዲህ ሆኖ ተፈቀደልን፤ በሳሏ ሳይሆን በጾሙ።

በሶውን በስልቻ፣ መኝታችንን በቁርበት ጠቅልለን ወጣን። ባላገሯ ከፊት ትመራለች፤ ልጄ መሃል፣ እኔ ከኋላ። ሮቤን አልፈን ቁልቁል በወረድን ቁጥር ልጄ ከአንገቷ ነጠላዋን ታላላ ጀመር። ደጋ ላይ ልብስ ደራርባ የምትንቀጠቀጠው ልጅ፣ ዌብ ወንዝ የሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋበት ስንደርስ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀመጠች።

ሳሉ ቀለለ፤ ሰውነቷ ግን ተሟጠጠ። በሶ በውሃ ምን ይሆናታል? ያረፍንበት የባላገሯ ወንድም ሚስት ትኩስ የፍየል ወተት እያመጣች አጠገቧ ታስቀምጣለች፤ ብንመልስላትም ነገ ደግሞ ታመጣለች። አንድ ቀን ከወንዝ ስመለስ ልጄ ባዶ ቅል ይዛ አገኘኋት።

"እማዬ፣ ጠጣሁት። በይ ተቆጪኝ።"

"ከንፈርሽን ጥረጊ" አልኳት።

ከዚያ መረቁ መጣ፤ ከመረቁ በኋላ ሥጋው። የቤቱ ልጅ ነው ብስሚላህ ብሎ ያረደው። እኔ አልቀመስኩም፤ እሷ ስትበላ ግን እያየሁ አለቀስኩ፤ ጉንጯ ሞልቶ ነበርና። ገና እዚያው አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ።

ጎባ ስንመለስ ወሬው በሲራራ ነጋዴዎች አፍ ቀድሞን ገብቷል። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን አነሱ። የንስሐ አባታችን ደግሞ፣ "ሁዳዴን ሙሉ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ትቁም" ብለው ቀኖና ሰጧት። በዚያ ውርጭ!

ጥቂት እንደቆመች ሳሉ ተመለሰ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"ነፍሷ እንድትድን ነው፣ ልጄ።"

"ሥጋዋስ፣ አባ?"

መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። ባሌ ለግዳጅ ሲወጣ ስልቻዋን ራሴ አሰርኩላት። ያን ጊዜ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የሚያሞቃት አገር አንድ ነው። ባላገሯ ይዛት ወረደች። እኔ ሌሎቹ ልጆች ስላሉብኝ ቀረሁ።

ዳነች። ያን ፍየል ያረደውን ልጅ አገባች። ማተቧንም ፈታች አሉ።

ባሌ ይህን ሲሰማ አልጮኸም፣ አልተማታም። "ልጄ ሞታለች" አለና የቁም ተስካር እንዲደገስ አዘዘ። የቁም ተስካር ሰው በሕይወት ሳለ ለገዛ ነፍሱ የሚያወጣው ነው፤ ስሞት የሚያስታውሰኝ የለም ብሎ የፈራ። አባት በቁሟ ላለች ልጁ ሲያወጣ ከዚያ በፊት አልሰማሁም። በሬ ተጣለ፣ ዳስ ተጣለ። ጌሾውን የወቀጥኩት እኔ፣ ጠላውን የጠመቅሁትም እኔ ነኝ። ለማን ይነገራል?

ነገሩን ያልሰማች አንዲት የሩቅ እንግዳ ሴት ዳሱ ውስጥ እጄን ያዘችኝ።

"እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ። በምን ታማ ነው?"

"በሳል።"

"አይ እድሜ! ብዙ ተሰቃየች?"

"ድና ነበር" አልኳት። "ድናለች። ዘንድሮ ልትወልድ ነው።"

ሴትዮዋ የጎረሰችውን ሥጋ ሳታላምጥ ባሌን አየችው። እሱ እኔን አላየኝም።

"የእንግዳዋ ዋንጫ ጎድሏል" አለ። "ቅጂላት።"

ቀዳሁላት።