ልብስ ሰፊው ፍየል ያዋለዱ ቀን

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። «ነበሩ» ማለቴ ሞተው አይደለም፤ እግዜር ይመስገን ደህና ናቸው፣ ይኸው አሁንም በረንዳው ላይ ሆነው «ደግሞ ምን ትጽፊያለሽ?» እያሉ ይነዘንዙኛል። ሱቁን የዘጉት መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው ነው። እዚህ ደብረ ታቦር፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም ሲሰፉ ኖሩ። አንድ ቀን ግን ጥቁር ሱሪ በነጭ ክር ዘምዝመው አስረከቡና ባለሱሪው ሲስቅ አዩ። በማግሥቱ የስፌት መኪናቸውን በጨርቅ ሸፈኑት።

ከዚያ በኋላ የሆኑትን አልወደድኩትም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመው ይመለሳሉ፣ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ በቃ። ምሳ ሳቀርብ «እሺ»፣ ምሳ ሳዘገይም «እሺ»። እንደ ድሮው ወጡ ጨው አነሰው ብለው ቢቆጡኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! ልጆቻችን ሁሉም በየከተማው ሥራ ይዘዋል፤ ሲደውሉ «አባታችሁ ደህና ናቸው» እላለሁ፣ ውስጤ ግን እርር ይላል።

እኔ የአንበሳሜ ገበሬ ልጅ ነኝ። ወንድሜ አሁንም እዚያው ያርሳል። ነገሩን ሳጫውተው ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ቅዳሜ አንዲት ቀይ ፍየል ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኖ መጣ። «ግልገል ይዛለች፤ የመጀመሪያዋ ነው» አለና ገመዱን ሰጠ። ለእኔ እንዳይመስላችሁ፣ ለባለቤቴ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመቀስና ከሜትር በቀር ምንም ይዘው የማያውቁ የከተማ ሰው ፍየል ይዘው ግቢው መሐል ቆሙ። ጉድ ነው መቼም።

ሳምንት ሳይሞላ ወንበሩ ባዶውን ቀረ። ጠዋት ተነስተው ጋጣዋን ይጠርጋሉ፣ ገበያ ሄደው የተጣለ ጎመን ለቅመው ይመጣሉ፣ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ፀሐይ፣ ስትበረታ ወደ ጥላ ይዘዋት ይዞራሉ። ከእኔም ጋር መጣላት ጀመሩ። «የድንች ልጣጩን የት ወረወርሽው?» ብለው የጮኹብኝ ዕለት ጓዳ ገብቼ ለብቻዬ ሳቅሁ። ግን ሳቄን ያዝ አድርጎ አንድ ነገር አስፈራኝ። የመጀመሪያዋ የሆነች ፍየል ምጥ ይጠናባታል። ይህች ፍየል ብትሞትባቸው ወደዚያ ወንበር ይመለሳሉ፤ ከዚያ ደግሞ ማንም አያነሳቸውም።

እዚህ ላይ የእኔን ነገር ልንገራችሁ። ፍየል መውለጃዋ ሲደርስ ማወቅ እናቴ በእጄ አስይዛ ያስተማረችኝ ሙያ ነው። አሁን ግን ጉልበቴ አልታጠፍ ብሏል። በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ እንጂ ጎንበስ ብዬ ፍየል መዳበስ አልችልም። ስለዚህ ዕውቀቱ የእኔ፣ እጁ የእሳቸው ሆነ።

«ከጭራዋ ሥር ግራና ቀኝ ሁለት ጅማት አለ» አልኳቸው። «እስቲ ይዳብሱት። እሱ ጠንከር ያለ እንደሆነ ገና ናት። እየላላ ሲሄድ እየደረሰች ነው። ጠፍቶ ጣትዎ ገባ ያለ ዕለት ግን ከግቢ እንዳይወጡ።»

ዳበሱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው። ዓይናቸው ደከመ እንጂ ጣታቸው ምን ሆኖ!

«እንዴት ነው?»

«ካኪ ነው።»

«ምን?»

«የካኪ ሱሪ ወገብ። ገበር ገብቶበት የተሰፋ።»

ሰውዬው የሚያውቁት ጨርቅ ነው፣ ፍየሏንም በጨርቅ አነበቧት። በየጠዋቱ እየዳበሱ ይመጣሉ፣ እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ እጠይቃለሁ። አንድ ሰሞን «ካኪ ናት»፣ ሌላ ሰሞን «ሳስታ ቴትሮን ሆናለች»። ግቷ ሞላ ሞላ ማለት ሲጀምር፣ እኛ አገር አጋተች እንላለን፣ «ኪሱ ውስጥ ዕቃ ገብቷል» አሉኝ። ሆዷ ወደ ታች ወርዶ ጎኗ ጎድጎድ ሲል ደግሞ «ትከሻው የሰፋ ኮት መስላለች፣ ወደ ታች ተንጠልጥላለች» አሉ። መጀመሪያ ስቄ ልሞት ነበር፤ በኋላ ግን የሚሉት ሁሉ ልክ ሆኖ አገኘሁት። እናቴ እንኳ እንዲህ አጥርታ አልነገረችኝም።

አንድ ጊዜ ግን ጉድ አደረጉኝ። ከእኅቴ ጋር ወንዛዬ ፍል ውኃ ልንሄድ፣ ጉልበቴን ልታጠብ፣ ጓዜን ጠቅልያለሁ፣ ባጃጁም በር ላይ ደርሷል። ከጓሮ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ «ሞተ! ሞተ! ነይ፣ ሞተ!»

እኔ ምን ልበል? ኡኡታዬን አቀለጥኩት። ከዓረብ አገር ተመልሳ እኛ ዘንድ የተከራየች ልጅ በፎጣ ፀጉሯን እንደጠቀለለች ብር ብላ ወጣች። የባጃጁ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ባርኔጣውን አወለቀ። እየተንከላወስኩ ጓሮ ስደርስ ፍየሏ ቆማ ታመሰኳለች፣ ባለቤቴ ደግሞ ጣታቸውን ጭራዋ ሥር አድርገው ፊታቸው በርቷል።

«ምኑ ነው የሞተው?»

«ላስቲኩ!» አሉኝ። «ላስቲኩ ሞተ! ትናንት የአዲስ ሱሪ ላስቲክ ነበር፣ ዛሬ ሞቷል።»

«አፈር ብላ» ልል ምንም አልቀረኝም። ግን ከተጋባን ጀምሮ አንቱ ነው የምላቸው፤ ያኔ እኛ ዘንድ ወጉ እንደዚያ ነበር፣ አፌም በዚያው ቀረ። አንቱ እያሉ መሳደብ ደግሞ አይመችም። ዋጥ አድርጌው ተከራያችን ጣቷን እንድትሰድ ለመንኳት። እሷም እየተጸየፈች ነካ አደረገችና «እማዬ፣ ኧረ እዚህ ጋ እንደ ገመድ የጠነከረ ነገር አለ» አለች። ለካ ባለቤቴ ከደስታቸው ብዛት ቦታውን ስተው ሥጋውን ነው የዳበሱት። ባጃጁ ግን ሄዷል፣ እኅቴም መናኸሪያ ጠብቃ ጠብቃ ተቆጥታ ብቻዋን ወንዛዬ ወርዳለች። ያን ቀን እስከ ማታ አላናገርኳቸውም። እሳቸውም ጥፋታቸውን ያውቁ ስለነበር እራት ላይ ሥጋውን እየመረጡ ወደ እኔ በኩል ገፉልኝ።

እውነተኛው ቀን የመጣው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ማለዳ ውርጭ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ሞቅ ሲል ባለቤቴ ከጋጣው ቀስ ብለው መጡ። ጩኸት የለም። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «ጨርቁ የለም» አሉኝ።

«የለም ሲሉ?»

«ከጭራዋ ሥር ምንም የለም። ጣቶቼ ተገናኙ።»

በርጩማዬን ተሸክመውልኝ ጋጣው ውስጥ ገባን። ያቺ ሆዳም ጎመኗን አልነካችም። መሬቱን በፊት እግሯ ትጭራለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ዞር ብላ ጎኗን ታይና ቀስ ባለች ድምፅ ታጉረመርማለች፤ እንደዚያ ስታጉረመርም ልጇን እያናገረች ነው። ግቷ ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ከኋላዋ እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ልጋግ ተንጠልጥሏል። «ዛሬ ናት» አልኩ።

እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና አሳጠብኳቸው፣ ጥፍራቸውን አስቆረጥኳቸው፣ ዘይት አስቀባኋቸው። እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ያዝኩ። እሳቸው ከኋላዋ ተንበረከኩ። የሽርት ውኃው ፈሰሰ። ታምጥ ጀመር። አማጠች፣ አማጠች፤ ምንም የለም። ዓይኗ ሲገለበጥ ይታየኛል። ስትጮህ ግቢው ተናወጠ።

«ምን ይታይዎታል?»

«አፍንጫ አለ። አንድ ኮቴ አለ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው የለም።»

ግልገል ሲወለድ ሁለት የፊት እግሩን አስቀድሞ አፍንጫውን በላያቸው አስተኝቶ ነው የሚመጣው። አንዱ እግር ወደ ኋላ ከታጠፈ ትከሻው ይቀረቀራል፤ እናቲቱ እያማጠች ትሞታለች። ቀና ብዬ ባለቤቴን አየኋቸው። ፊታቸው ዐመድ መስሏል፣ እጃቸውን ሳብ አደረጉ። «እኔ አልችልም፣ ሐኪም እንጥራ» አሉ። የከብት ሐኪሙ ገጠር ወጥቷል፤ ቀድሜ ደውዬ ነበር።

«አንተ ሰውዬ!» አልኩ። እንዴት እንደወጣኝ እኔም አላውቅም። «ሸሚዝ ታጥቦ ሲመጣ አንዱ እጅጌ ወደ ውስጥ ተገልብጦ ብታገኘው ምን ታደርጋለህ?»

አፈጠጡብኝ። «እጄን... እጄን አስገብቼ ጫፉን ይዤ አወጣዋለሁ።»

«በል እንግዲህ እጅጌው ተገልብጧል! አውጣው! መጀመሪያ ስታርፍልህ ጠብቀህ ግልገሉን በቀስታ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው። ከዚያ ትከሻውን ተከትለህ ውረድ፣ ጉልበቱን ታገኛለህ፣ ኮቴውን በመዳፍህ ሸፍነህ ወደ ፊት አምጣው። ኮቴው ሳይሸፈን ከመጣ ይቀድዳታል።»

ይቀድዳታል ስል የገባቸው ይመስለኛል። ልብስ ሰፊ ሆኖ መቅደድን የማይፈራ የለም። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጣታቸውን ላኩ። እኔ የፍየሏን ጆሮ እያሻሸሁ የማውቃትን ማርያም ሁሉ እጠራለሁ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አገኘሁት» አሉ፤ ትንሽ ቆይተው «ወጣ» አሉ። በሚቀጥለው ምጥ ግልገሉ እርጥብ እንደሆነ ሸርተት ብሎ ጭናቸው ላይ ወደቀ።

አይንቀሳቀስም። «አፍንጫውን ጥረጉ! ጭድ አስገብታችሁ ኮርኩሩት!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ ብቻቸውን መሆናቸውን ረስቼ በብዙ ቁጥር አዛለሁ። ኮረኮሩት። አነጠሰ። ሁለተኛ አነጠሰ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን አራግፎ በዚያች ቀጭን ድምፁ ጮኸ። እኔ እልል አልኩ፤ እንባዬ ይወርዳል፣ አፌ እልል ይላል።

«ወንድ ነው ሴት?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን።

ባለቤቴ ግልገሉን እናቱ አፍ ሥር አስጠጉና ወዲያው ወደ እሷ ዞሩ። «ቆይ እስቲ አንቺ፣ እናቲቱ ደህና ናት? አይዞሽ እሺ፣ አይዞሽ የኔ እናት፣ ታመምሽ አይደል?» እያሉ አንገቷን ያሻሻሉ።

አሁን ስነግራችሁ ያሳፍረኛል፤ በፍየሏ ቀናሁ። አምስት ልጅ ወልጃለሁ፣ አምስቱንም እዚችው ቤት ውስጥ። ወንድ ወደ ምጥ አይጠጋም ተብሎ እሳቸው ፊት ለፊት ሱቃቸው ውስጥ የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ፤ የመኪናው ድምፅ በምጤ መሐል ይሰማኝ ነበር። ሴቶቹ እልል ሲሉ ቆጥረው ወንድ ይሁን ሴት ያውቃሉ፤ ከዚያ ለሕፃኑ ልብስ ሰፍተው ይልካሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ያኔ ወጉ ይኸው ነበር፣ እኔም ሌላ መኖሩን አላውቅም። ግን አዋላጇ ስትወጣ በር ላይ የሚጠይቋት ስለ ልጁ ነበር።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አልሆነልኝም።

«እኔን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም» አልኳቸው።

ቀና አሉ። እጃቸው ደም ነው፣ ሸሚዛቸው ልጋግ ነው። መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏቸው ፈገግ ሊሉ ነበር። ፊቴን ሲያዩ ተዉት። ፍየሏ ልጇን ትልሳለች፣ ግልገሉ ለመቆም ይሞክርና ይወድቃል፤ እሳቸው እኔን ብቻ ነው የሚያዩት።

«እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር» አሉ። «አምስቱንም እንዲህ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ስትጮሂ መስማት ስላልቻልኩ ነበር መኪናውን አብዝቼ የምረግጠው።»

ይህንን በትዳር ዘመኔ ሁሉ አልነገሩኝም። ልብ አጥተው ነው እያልኩ ስንት ዓመት በሆዴ ይዤባቸው ኖርኩ። የፍየሏን ጆሮ ማሻሸት ያዝኩ።

በጉልበታቸው እየዳሁ በፍየሏ ዙሪያ ወደ እኔ መጡ። በርጩማዬ ሥር፣ ጭዱ ላይ ተቀመጡና እንደ ጥያቄ ሳይሆን እንደ ልመና «ደህና ነበርሽ?» አሉኝ።

ሰው «ደህና ነሽ?» ሲለኝ «እግዜር ይመስገን» ማለት ልማዴ ነው። አፌም ሊለው ተከፍቶ ነበር።

«አልነበርኩም» አልኳቸው። «በተለይ በመጀመሪያዋ፣ የምሞት መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ከመጀመሪያዋ ጀምሬ ነገርኳቸው፤ እጃቸውን ሳይታጠቡ አምስቱንም ሰሙኝ።