ጸበል የነካው ወረቀት

የወንድሜ ሚስት ምሰሶው ሥር ቆማለች። ልጇ በሩ ላይ፣ ግማሽ አካሉ ውጭ ሆኖ፣ ሞፈሩን ተደግፏል። የልጇ ሚስት፣ ልጅቱ፣ መደቡ አጠገብ ነች፤ እጆቿን በነጠላዋ ሸፍናለች። እኔ በመስኮቷ በኩል፣ ብርሃኑ ጋ ነበርሁ፤ የመመርመሪያውን መመሪያ ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነኝና። ጉሙ እስከ ደጃፉ ደርሷል። ከበሬዎቹ የሚታየው ቀንዳቸው ብቻ ነው።

ልጅቱ ካገባች ስድስት ዓመቷ ነው። እስከ ፋሲካ ካላረገዘች አማቷ ለልጇ ሌላ ሚስት ልታጭለት ቆርጣለች። ፋሲካ አለፈ። የወር አበባዬ ዘገየ ብትለኝ ከንፋስ መውጫ ከተማ ሁለት የእርግዝና መመርመሪያ ወረቀት ገዝቼ እነርሱ ቤት አሳደርኋቸው። ጠዋት የአንዱ ማሸጊያ ተቀዶ ነበር፤ በመንገድ የተቀደደ መስሎኝ አለፍሁት።

የተቀደደውን በሽንቷ ነክረን ጠበቅን። ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«በቃ፣ ባዶ ነች» አለች አማቷ።

«እንዲያ አይደለም። ላይኛው መስመር ወረቀቱ መሥራቱን የሚናገር ነው። እርሱ ካልወጣ ወረቀቱ ተበላሽቷል፤ ስለ እርሷ የሚለው የለም።»

አማቷ ወደ ተቀደደው ማሸጊያ አየች።

«ትናንት አውጥቼ ጸበል ነክሬ አድርቄው ነበር» አለች። «ይባረክ ብዬ።»

«እማዬ፣ ወረቀቱንም አጠመቅሽው?» አለ ልጇ።

«አንተ ሞፈርህን ያዝ።»

ልጅቱ ሳቀች። በዚያ ቤት ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለተኛው እንደታሸገ ነበር፤ ቀድጄ ነከርሁት። እርጥበቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሄደ። ጉሙ ሜዳውን ሲወጣ ያየሁ መሰለኝ፤ ቤቱም ከነሰዉ ከመሬት ትንሽ የተነሣ። ከዚያ ላይኛው መስመር ቀላ።

«ወጣ» አለች አማቷ፣ ለእልልታ እየተዘጋጀች። «አንድ ይበቃናል፤ መንታ አልጠየቅንም።»

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። መመሪያው ያዘዘውን ደቂቃ ጠበቅሁ። የታችኛው ቦታ አልተለወጠም።

«ይህ ወረቀቱ ደህና መሆኑን የሚናገረው ነው» አልሁ። «ልጅ ቢኖር ከሥሩ ሁለተኛ መስመር ይወጣ ነበር። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ማየት ይቻላል።»

የወንድሜ ልጅ ሞፈሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መሬት መሬት አየ።

ልጅቱ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ አየችው። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። የአማቷን ጉልበት ለስንብት ሳመች፤ በባሏ አጠገብ አልፋ ወደ ጉሙ ገባች።