ራጃቡ ሆስፒታል ሳለ የተፈለፈሉት

ታቱ እስስት በእጇ የነካች ዕለት ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነበር። እስከዚያ ድረስ፣ እንደ ኡሳምባራ ተራራ ሰው ሁሉ፣ መንገድ ላይ ካየችው እንትፍ ብላ ነበር የምታልፈው። ሞት በማን ሰበብ መጣና! ፈጣሪ ለሰው ልጅ «አትሞቱም» የሚለውን መልእክት ያስያዘው ለእስስት ነበር፤ እሱ ሲንቀረፈፍ የሞትን ወሬ የያዘው እንሽላሊት ቀደመው።

ባሏ ራጃቡ ግን ለውጭ አገር የሚሸጡ እስስቶች በሚረቡበት ግቢ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ግቢው ሲዘጋ አንዲት አረንጓዴ እንስት ትከሻው ላይ አድርጎ ቤቱ መጣ።

«እሷ ከገባች እኔ እወጣለሁ» አለች ታቱ።

እንስቲቱ በረንዳው ጥግ ያለችው ቁጥቋጦ ላይ ኖረች። ወር ሳይሞላት አፈር ቆፍራ እንቁላል ጣለች። ራጃቡ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ፣ ሳያገላብጥ፣ እርጥብ አሸዋ ባለበት ዕቃ አስቀምጦ ታቱ ልብስ የምትሰፋበት ክፍል መደርደሪያ ላይ አኖራቸው። እሷም ጨርቅ ጣል አድርጋባቸው ረሳቻቸው።

በአምስተኛው ወር ራጃቡ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ዳሌው ተሰበረና ቆላ ወርዶ ታንጋ ሆስፒታል ተኛ። አንድ ጠዋት ታቱ ገበር ስትፈልግ ዕቃውን ገለጠችው። ስልክ አነሳች።

«ራጃቡ፣ እንቁላሎችህን አልቧቸዋል።»

«ሊፈለፈሉ ነው! የራማ እናት፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ አደራ!» አለ፣ በልጃቸው ስም እየጠራት።

«እኔን? እኔን ነው እንዲህ የምትለው?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

በማግስቱ አንደኛው እንቁላል ጫፉ ላይ ተሰነጠቀና አፍንጫ ብቅ አለ። ከዚያ ምንም የለም። እኩለ ቀን ሆነ፣ አሁንም አፍንጫ ብቻ። ታቱ ቅርፊቱን በመርፌ ልትተረትርለት እጇን ሰደደች፤ ራጃቡ ግን «እንዳትረጂው፤ የቀረውን አስኳል ሆዱ ውስጥ እየጨረሰ ነው» ብሏት ነበር። እጇን ጭኗ ሥር አድርጋ ጠበቀች። አሥራ አራት ወጡ፤ እያንዳንዱ የክብሪት እንጨት ግማሽ አያክልም። በቅጠል ልታነሳው ስትል አንዱ ራሱ ጣቷ ላይ ወጣ። ጥፍር ያለው ክር መሰላት። አልጮኸችም።

አጎበር ውስጥ ብታደርጋቸው በቀዳዳው ሾለኩ። ስለዚህ ከሙሽራ ቬሎ የተረፋትን ስስ ጨርቅ አወጣችና በሽቦ ላይ ወጥራ ቤት ሰፋችላቸው። ጎረቤቷ ምዋጁማ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ፣

«አንቺ፣ ለእስስት ቬሎ? ማንን ልትድሪ ነው?» አለች።

«ያንቺን ልጅ የሚያገባ ከመሃላቸው ካለ እልክልሻለሁ።»

የበሰበሰ ሙዝ በደጅ አስቀምጣ የሚርመሰመሱበትን ደቃቃ ትንኞች እያጠመደች ሰጠቻቸው። ውሃ በሳህን ብታቀርብ ዞር ብለው አላዩትም፤ የሚጠጡት ቅጠል ላይ ያለ ጠብታ ብቻ ነው። ታቱም ልብስ ስትተኩስ እንደምታደርገው ውሃ ጎርሳ ፉፍ እያለች ቅጠሉን ማርጠብ ጀመረች። ሽማግሌው ካኒኪ በዚያ ሲያልፉ አዩዋትና ቆሙ።

«ደግ አደረግሽ ልጄ! ትፊባቸው! በርቺ!»

«አባባ፣ እያጠጣኋቸው እኮ ነው።»

ካኒኪ ዱላቸውን አንስተው ከወትሮው ፈጠን ብለው ሄዱ።

በአራተኛው ቀን ጫጩቶቹ ጥላሸት መሰሉ፤ መብላትም ተዉ። ሁለቱ ሞተው አገኘቻቸው። ራጃቡ በስልክ «በርዷቸው ይሆናል፣ ፀሐይ ላይ አውጫቸው» አላት። አወጣቻቸው፣ ባሰባቸው። ያን ዕለት የሰው ቀሚስ ሳትጨርስ ትታ፣ በርጩማዋን ስባ፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት ተቀመጠች። ስታይ ዋለች። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነገሩ ገባት፤ አንዱ ሌላውን ባየ ቁጥር ይጠቁራል፣ ቅርንጫፉን ዞሮ ይደበቃል። ጤናቸውን የነሳቸው ፍርሃት ነበር፤ እርስ በርስ ይፈራራሉ።

«ራጃቡ፣ ተሳስተሃል» አለችው።

«በእስስት ነገር እኔ?»

«አንተ። መተያየት አይወዱም።»

በሦስት ቀን አሥራ ሁለት ትንንሽ የጨርቅ ቤቶች ሰፋች፤ በየመሃላቸውም ቅጠላማ ዝንጣፊ አንጠለጠለች። በሳምንቱ፣ መጀመሪያ አንዷ አረንጓዴ ሆነች፤ ቀጥሎ ሌላው። አንዱ ምላሱን ወርውሮ ትንኝ ሲለቅም ስታይ ታቱ ብቻዋን አጨበጨበች።

ራጃቡ በክራንች ተደግፎ ሲመለስ በረንዳው ሙሉ ነጭ የሙሽራ ጨርቅ ተሰቅሎ አገኘ። ከአንዱ ወደ ሌላው እያነከሰ ዞረ። በቀድሞው ግቢ ከአሥራ አራት ስድስት ከተረፈ ዕድል ይሉት እንደነበር ነገራት።

«ማን አስተማረሽ?»

«ቁጭ ብዬ አየኋቸው፤ ሌላ ምን አለ?»

አንዱን ሊያወጣ ከላይ እጁን ሰደደ። ታቱ ክንዱን ያዘችው።

«ከላይ አትምጣበት፣ ጭልፊት ይመስለዋል። እጅህን ከሥር ዘርጋና ጠብቀው።»

አሥራ ሁለት ዓመት ከእስስት ጋር የኖረው ሰው ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እጁን ከሥር ዘረጋና ጠበቀ።